ተዝካሩ የተበላለት አባቴ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፣ ሰው በተሰበሰበበትም አፌ ይተሳሰራል፣ ስለዚህ በቃሌ መናገር ያቃተኝን ነገር በጽሑፍ እወጣዋለሁ ብዬ አልተማመንም። ነገር ግን በቀደም ከላሊበላ ገበያ ስመለስ በመነኮሳቱ መኖሪያ በኩል አለፍኩና አንዲት እማሆይ ደጃቸው ላይ ቅጠልና ሥር በሸክላ ድስት እያፈሉ ነጠላቸውን ቢጫ ሲያቀልሙ ሽታው ደረሰኝ። መረር ያለ፣ የረጠበ አፈርና የታሸ ቅጠል የተቀላቀለበት የሚመስል ሽታ ነው። ባለሁበት ቀረሁ። ሌላው ሰው ያን ሲያሸት ጸሎትና ጽሞና ይታወሰው ይሆናል፣ እኔን ግን የያዘኝ ንዴት ነው፣ ቤቴ ገብቼ ሥራዬን ብጀምርም አልለቀቀኝም። ስለ አባቴ የምጽፈው እንዲለቀኝ ነው።

አባቴ አያሌው ይባል ነበር። አገራችን ላስታ ውስጥ፣ ከላሊበላ ወደ ላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጥግ ነው፤ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ሣሩን የሚያነጣበት ደጋ። ቤታችን እንደ አገሩ ደንብ ክብ የድንጋይ ቤት ሆኖ ከብቶቹ ከሥር፣ እኛ ከላይ እናድር ነበር። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሌሎቹ ወንዶች ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከጥዱ ሥር ተቀምጠው ሲያወጉ፣ እሱ እጅ ነስቶ፣ ትንሽ ቆም ብሎ አዳምጦ፣ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ባል አስቀድሞ በልቶ ሚስት ከተነሣ በኋላ መቅረቧ የአገሩ ልማድ ሲሆን፣ እሱ ግን እናቴ ከማዕዱ ካልተቀመጠች እጁን አይሰድም ነበር። እናቴ «ኧረ ሰው ያየናል፣ ብላ» ስትለው ይጠብቃታል፣ በመጨረሻ እየሳቀች ትቀመጣለች። የአባቴ እኅት አክስቴ ስንዱ፣ ቤቷ ከእኛ አጥር ጀርባ ነበረና፣ ይህን ባየች ቁጥር «ወንድሜ ያገባው ሚስት አይደለም፣ ታቦት ነው» እያለች መንደሩን ታስቅ ነበር።

እናቴ ደብሬና አባቴ የተጋቡት በቁርባን ነው። እኛ ዘንድ ብዙው ሰው በሰማንያ ይጋባል፣ ካልተስማማ ይፋታል፣ ሌላ ያገባል። በቁርባን የተጋባ ግን አይፋታም፣ አንዱ ቢሞት እንኳ የቀረው ሌላ አያገባም፣ የሚቀረው መንገድ መመንኮስ ነው። ስለዚህ ሰው ልጆቹን አሳድጎ፣ ጠጉሩ ሸብቶ ነው የሚቆርበው። አባቴና እናቴ ግን ገና አንድ ፍሬ ልጆች ሆነው ቆረቡ። አክስቴ እንደነገረችኝ የነፍስ አባታችን «ቆዩ፣ ዓለሙን ጥቂት እዩት» ብለዋቸው ነበር፣ አባቴም መሬት መሬት እያየ «አይተነዋል» አላቸው።

የሄደው በመኸር ነው፣ ገብሱ ታጭዶ በተከመረ ሰሞን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሕዝቡን ሰብስቦ፣ አገር ተወራለች፣ እናት አገር ትጣራለች፣ ከየጎጡ ሰው ይውጣ አለ። ማን እንደሚወጣ የለየውም እሱ ነው። የራሱ ታናሽ ወንድም፣ ሚስት የሌለው ልጅ የሌለው ሙሉ ጎረምሳ፣ ቤቱ ቀረ። አባቴ ተጠራ። እኔ ያኔ በጣም ትንሽ ነበርኩ፣ ከዚያ ቀን የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አባቴ ጣሪያው ላይ ወጥቶ፣ እናቴ ከታች ሣር እያቀበለችው፣ ክዳኑን ዙሪያውን በአዲስ ገመድ ሲያጠብቅ። ሌሎቹ ዘማቾች ቤት ጠላ ይጠጣል፣ ይፎከራል፣ የእኛ ቤት ጣሪያ ይታሰራል። ሲወርድ እጁን አራግፎ «እስክመለስ ያቆየዋል» አለ፣ ጋቢውን አንሥቶም ሄደ።

መጀመሪያ የወሰዱት ወደ ምሥራቅ፣ ሶማሌ ወደገባበት ነበር፣ ያ ሲያልቅ ወደ ቤቱ መመለስ ሲገባው ወደ ሰሜን፣ ወደ ኤርትራ ተራሮች ላኩት። ይህን እኛ አላወቅንም። ክረምት ይገባል፣ ይወጣል፣ እናቴ ከገበያ የሚመጣውን ሁሉ ትጠይቅ ነበር። መሬታችንን የአክስቴ ባል ከእርሱ ጋር አዳብሎ ያርስልን ነበር። እናቴ ማታ ማታ ስትፈትል እንዝርቷን አቁማ ወደ መንገዱ ጆሮዋን ስታዘነብል አያት ነበር።

ከዚያ መርዶው መጣ። እንዴት እንደመጣ ካልጻፍኩት የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። እኛ አገር ሰው ሲሞት መርዶ እንዲህ እንደዋዛ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፣ ዘመድ በድብቅ ይጠራል፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ ቤቱ ተሰብስበው ይመጣሉ፣ ሴቶቹ ባለሐዘኗን ከግራና ከቀኝ ይዘው ነው ቃሉ የሚወጣው። ሊቀመንበሩ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ሰው ሁሉ በደቦ ገብስ በሚወቃበት አውድማ ላይ፣ ጠመንጃ የያዙ ጠባቂዎቹን አስከትሎ። እናቴ እፍኝ ገብስ ይዛ ነበር። «ደብሬ፣ ባልሽ ለእናት አገሩ ተሰውቷል፣ ኩሪ» አላት። ከዚያ ወደ ደቦው ሰዎች ዞሮ ስለ መዋጮ ተናገረ። የሚይዛት ሰው ገና ከክምሩ ወዲያ ሲሮጥ እሷ ወድቃ ነበር።

አንድ ሰው እንኳ ማን አየው ብሎ አልጠየቀም። ሬሳው የት ነው፣ አብሮት የነበረ ማን ነው፣ ቃሉን ያመጣ ማን ነው ያለ የለም። ሽማግሌዎቹ አልጠየቁም፣ ካህናቱ አልጠየቁም። ሊቀመንበሩ ተናግሯላ። አልጋው ከቤት ወጥቶ ግቢው መሀል ተቀመጠ፣ የክት ጋቢው ተነጠፈበት፣ በትሩና ባርኔጣው ከላዩ ተደረገ፣ ሰውም ያን ከቦ አለቀሰ። ባዶ ጋቢ ላይ ሲለቀስ ያየሁት ያኔ ነው። ፍትሐቱ ተፈታለት፣ አርባው ወጣ፣ ተዝካሩ ሲደርስ ከሁለቱ በሬዎቻችን ዳለቻው ታረደ፣ ጠላው ተጠመቀ፣ መንደሩና ካህናቱ በልተው ጠጥተው ነፍስ ይማር ብለው ሄዱ። በማግስቱ ቤታችን ውስጥ አንድ በሬና ብዙ ያልታጠበ ጋን ቀረ።

ክረምቱ ሳይወጣ ሊቀመንበሩ ተመልሶ መጣ። ከግራር ወንበራችን ላይ፣ አባቴ ይቀመጥበት ከነበረው፣ ተቀመጠና የሞተ ሰው መሬት ጦሙን አያድርም፣ ወይ ወንድሜን አግቢ፣ ወይ መሬቱን ልቀቂ አላት። እናቴ በቁርባን እንደሆነች ነገረችው። ቁርባን ያለፈው ሥርዓት ነገር ነው፣ አብዮቱ ሴትን ነጻ አውጥቷል ብሎ ሳቀባት። አክስቴ ስንዱ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

«ነጻ ከወጣች ታዲያ ለወንድምህ የምትሰጣት ከየት አምጥተህ ነው?» አለችው።

ለዚህች ቃል አክስቴ በማኅበሩ ቤት ታስራ ዋለች። ስትፈታ ግቢያችን ገብታ «የማኅበሩ ቤት ወንበር ጥሩ አይደለም፣ የአያሌው ወንበር ይሻላል» አለች፣ ሳቅንም አለቀስንም። ነገሩ ግን የሚሳቅበት አልነበረም። የሊቀመንበሩ ወንድም አመሻሽ ላይ እየመጣ፣ ጤና ይስጥልኝ እንኳ ሳይል፣ ያው ወንበር ላይ መቀመጥ ለመደ። እናቴ በሩን ከውስጥ በግንድ ትደግፈው ጀመር። የሚያድናት ዘመድ አልነበራትም፣ የአክስቴም ባል ሊቀመንበሩን ይፈራ ነበር። በመጨረሻ ወደ ነፍስ አባታችን ሄደች፣ እሳቸውም ያላቸውን አንድ መንገድ ሰጧት። የሰው ሚስት የነበረችን ሴት ማንም ሊነጥቃት ይችላል፣ መነኩሲትን ግን ደርግም ቢሆን አይነካትም አሏት።

በዚያ በጋ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ከላሊበላ ወዲያ ወዳለ ገዳም ወጣን፤ እሷ፣ አክስቴ፣ የነፍስ አባታችንና እኔ። እናቴ ያኔ ጠጉሯ ጥቁር፣ ጥርሷ ሙሉ፣ ገና ልጅ የምትወልድ ሴት ነበረች። ጠጉሯን ቆረጡት። ከዚያ ከመሬት አስተኟት፣ በነጭ ጨርቅ ከራስ እስከ እግር ሸፈኗት፣ ለሬሳ የሚነበበውን የግንዘት ጸሎት ከላይዋ አነበቡ። ለሚመነኩስ ሰው የሚደረገው እንዲህ ነው፣ ለዓለም ሞቷልና። እኔ ያኔ ይህን አላውቅም ነበር፣ የማውቀው የዚያ ጨርቅ ሥራ ምን እንደሆነ ነው፣ ስለዚህ ጮህኩ። አክስቴ ወደ ጉያዋ አስገባችኝ። «አልሞተችም፣ ከሞቱት ጋር ተቆጠረች እንጂ» አለችኝ። ቆቡን ተጭና ስትነሣ ፊቷን ለየሁት፣ አልደነገጥኩም፣ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ «እማሆይ» እና «አንቱ» ይላት ጀመር፣ ደብሬ የሚላት ጠፋ። እኔን ለማሳደግ በገዳሙ ሳትቀር ወደ ቤታችን ተመለሰች፣ ያ የቀለም ሽታ ቤታችን የገባውም በዚያው ሰሞን ነው።

የሊቀመንበሩ ወንድም መምጣቱን ተወ። ሊቀመንበሩ ግን ለመነኩሲት ይህ ሁሉ መሬት ምን ያደርግላታል ብሎ፣ ወንዝ ዳር ያለውን ጥቁር አፈር ማሳችንን ለዚያው ወንድሙ ሰጠው፣ ለእኛ ድንጋያማውን ተረተር ተወልን። ስለዚህ እናቴ ቆቡን የተጫነችበትም ነገር ግማሹን አላዳነላትም።

አባቴ የመጣው ክረምቱ ሊገባ፣ የመጀመሪያው ነጎድጓድ በተሰማበት ወር ነው። እኔ ትምህርት ጀምሬ ነበር። እኩለ ቀን ላይ እናቴና አክስቴ ግቢ ውስጥ ባቄላ እየለቀሙ፣ እኔ ከጎናቸው ሆኜ፣ አንድ ሰው በበትር ተደግፎ፣ የወታደር ካፖርት ቁራጭ ለብሶ በአጥሩ በር ገባ። አክስቴ ብድግ አለች፣ አልጮኸችም። እናቴ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሰውየው ቆሞ አያት፣ ቢጫውን ቀሚሷን፣ ከዚያ ቆቡን። ዓይኑ ከቆቡ ላይ ቀረ።

«ማን ሞተ?» አለ።

«አንተ» አለችው አክስቴ።

እሱ የድንጋይ መደቡ ላይ ተቀምጦ ውኃ ለመነ። እናቴ ፈጥና ተነሣች፣ ቅሉን ሞላች፣ ልትሰጠው ሁለት እርምጃ ያህል ሄዳ ቆመች፣ ቅሉንም ለእኔ ሰጠችኝ፣ እኔም ለማላውቀው ሰው ሰጠሁት። ከዚያ ቀን በኋላ በመካከላቸው የሚያቀብለው እጅ የእኔ እጅ ሆነ።

ሲጠጣና ሲረጋጋ ነገሩን በአጭሩ ነገረን። ቆስሎ ተማርኮ ነበር፣ በተራራ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከያዙት በኋላ ከቁስለኞች ጋር ለቀቁት፣ ከዚያ በእግሩ መጣ። በመድፍ ድምፅ የግራ ጆሮው ጠፍቶ፣ በቀኙም ካልተጠጉት አይሰማም ነበር። ወደ ከብቶቹ ወረደና ተመልሶ ወጣ። «ዳለቻውስ?» አለ። አክስቴ ለነፍሱ መታረዱን በደህናው ጆሮው ነገረችው። አባቴ አሰበ። «ጥሩ በሬ ነበር፣ ይጠቅመኛል ብዬ ነበር፣ ጠቅሞኛል ማለት ነው» አለ። አክስቴ እስክትታጠፍ ሳቀች። እናቴ ወደ ውስጥ ገባች።

መንደሩ ምን አደረገ ብትሉ፣ ሲያዩት አማተቡ። በመጀመሪያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም አጠገቡ የቆሙት ሴቶች ፈቀቅ አሉ፣ ተዝካሩን የበሉ ሰዎች ሰላም ሊሉት አፈሩ። ያፈሩት ስለበሉ ነው፣ ሳይጠይቁ ስላለቀሱ አይደለም።

የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር፣ እናቴ ተመልሳ ሚስቱ ትሆናለች ወይስ አትሆንም። አባቴ እኔን እንደ ጆሮ ይዞኝ ከነፍስ አባታችን ጋር ወደዚያው ገዳም ወጣ። አበ ምኔቱ ነገሩን ሰምተው ለረጅም ጊዜ መቁጠሪያቸውን ቆጠሩ። ቆብ አንዴ ከተጫነ አይወርድም፣ ብታወልቅ ትወገዛለች፣ ከቁርባንም ከቤተ ክርስቲያን መቃብርም ትለያለች አሉ። ለእሱ አዘኑለት፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም፣ እሱ ንስሐ ገብቶ ሌላ ቢያገባ እንደማያወግዙት ተናገሩ። ይህን ሁሉ በጆሮው ደገምኩለት። መስቀላቸውን ተሳለመና ወጣ። የነፍስ አባታችን እስከ ቤታችን ድረስ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። እኔ ግን ዛሬም አልማርኳቸውም። ቆቡን ሲጭኑ ፈጥነው ነበር፣ ሊያነሡት ሲጠየቁ ግን ሕጉ ትዝ አላቸው።

እናቴ ያለችውን የሰማሁት ከአክስቴ ነው። «ይጠይቀኝ፣ አወልቀዋለሁ፣ ይኮንኑኝ» ብላ ነበር። አክስቴም ይህን ይዛ ወደ አባቴ ሄደች፣ ሰው እንዳይሰማ ከማሳው መሀል ወስዳ ነገረችው። እኔ ከተረተሩ ላይ ሆኜ ድምፃቸው ይደርሰኝ ነበር፣ ለአባቴ በሹክሹክታ የሚነገር ነገር የለምና።

«ብታወልቀው እንደ ውሻ ያባርሯታል» አላት። «እኔ በሌለሁበት ጊዜ ያዳናት እሱ ብቻ ነው። መጣሁ ብዬ እሱን ልቀማት?»

አክስቴ ስድብ ጀመረች፣ ሞኝ አለችው፣ ድንጋይ አለችው፣ ከዚያ እዚያው ማሳ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

በዚያ ክረምት ከግቢያችን ማዶ ጥግ ለራሱ ትንሽ ጎጆ ሠራ። ድንጋዩን ከተረተሩ እየፈነቀለ በጀርባው ያመጣ ነበር፣ የቆሰለው እግሩ ሲዝልበት አረፍ እያለ። በሩን ወደ እሷ በር አዞረው። ወንድ ውኃ መቅዳት በእኛ አገር ነውር ሲሆን እሱ በማለዳ እንስራውን አዝሎ ከምንጩ ይመጣ ነበር፣ ቀድተው የሚመለሱት ልጃገረዶች እያዩት ይሳሳቁ ነበር። «የእማሆይ ዲያቆን» የሚል ስም አወጡለት፣ ስሙም ጸና፣ የገበያ ሰው እንኳ በዚያ ይጠራው ነበር። እንስራውን ከደጇ አስቀምጦ «እማሆይ፣ ውኃው እዚህ አለልዎ» ይላታል። ያቺን አክስቴ ታቦት ያለቻትን፣ አብራው የቆረበችውን ሚስቱን፣ አንቱ ይላት ነበር። እሷም ከውስጥ «እግዜር ይስጥልኝ» ትለዋለች። እንዲህ ሲባባሉ በሰማሁ ቁጥር ድንጋይ አንሥቶ የሆነ ሰው ላይ መወርወር ያምረኝ ነበር፣ ማን ላይ እንደሆነም አውቀው ነበር።

ያ ሰው ቤቱ ሩቅ አልነበረም። አባቴ መሬቱን ለመጠየቅ ሲሄድ አብሬው ሄጄ ነበር። ሊቀመንበሩ ከማኅበሩ ቤት በር ላይ ቆሞ «አያሌው የሚባል ሰው እኛ ዘንድ ሞቷል። አንተ ማን ነህ?» አለው። ጠባቂዎቹ ሳቁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለአባቴ እንዳይሰማ ሳይሆን ለእኔ እንዲሰማኝ ይመስለኛል፣ ለጠላት እጅ ሰጥቶ የተመለሰ ሰው መሬት እንደማይጠይቅ፣ ወረዳ ቢደርስ ወዴት እንደሚወሰድ ተናገረ። አባቴ ሞተ ብሎ ማን እንደነገረው፣ ከየት ሰምቶ በዚያ አውድማ ላይ እንደቆመ፣ ያኔም ከዚያም በኋላ አልተናገረም። ተሳስቶ ይሁን ዋሽቶ አላውቅም። ቢሳሳት ይቅርታ ማለት ነበረበት፣ ቢዋሽ መታሰር ነበረበት፣ ሁለቱም አልሆነም። ለአባቴ ይህን ሁሉ ደገምኩለት። ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ ቤት ተመለስን፣ ዶማውን ይዞ ወደ ድንጋያማው ተረተር ወጣ፣ እርከን መካብ ጀመረ። አክስቴ «ይህ ዝምታህ ነው የበላን» ትለው ነበር። እኔም ልቤ እንደዚያው ይል ነበር። ዛሬ ግን ቢናገር ኖሮ ማን ይሰማው እንደነበር አስባለሁ፣ ንዴቴም ከእሱ ላይ ይነሣል።

ከዚያ ዝናቡ የቀረበት፣ በልጉም መኸሩም የጠፋበት ክፉ ዘመን መጣ። የእርዳታ እህል በማኅበሩ በኩል ሲሰጥ አባቴ ድርሻ የለውም ተባለ፣ ሞቷላ። ለእማሆይና ለእኔ ተሰፈረ። አባቴ የወታደር ካፖርቱን ተሸክሞ እስከ ኩልመስክ ገበያ ወረደ፣ በገብስ ለውጦት መጣ፣ ገብሱን እንዳለ ከእናቴ ደጅ አስቀምጦ መንገድ ላይ በልቻለሁ አለ። ፊቱ ላይ የበላ ሰው አልነበረም። እናቴ ቆላችው፣ ቆሎውን ለሁለት ከፈለችው፣ ግማሹን በእኔ ላከችለት። «ካልጀመረ አልጀምርም በይው» አለችኝ። እሱም ከጎጆው በር ላይ፣ እሷም ከቤቷ በር ላይ ተቀምጠው፣ ግቢው በመካከላቸው ሆኖ፣ እየተያዩ አብረው ቆረጠሙ። ያ ክፉ ዘመን እስኪያልፍ፣ ካለፈም በኋላ፣ ማዕዳቸው እንዲህ ነበር። የሚያልፍ ሰው አይቶ ይስቅ ነበር፣ አባቴም ስለማይሰማ፣ እናቴም ስለማትመልስ፣ የሚሰማው ሳቅ ለእኔ ብቻ ይቀር ነበር።

አባቴ የሞተው ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ነው፣ ሳንባው ታሞ፣ በክረምት። ሲቀበር ካህናቱ ተነታረኩ፣ ፍትሐት አንዴ የተፈታለት ሰው ነውና እንደገና ይፈታል ወይስ አይፈታም ብለው። አክስቴ ስንዱ በሰው መሀል ወጥታ «ያኔ የበላችሁት አለ፣ ዛሬ ሳትበሉ ጸልዩ» አለቻቸው፣ ጸለዩ። እናቴ መነኩሲት ናትና እንደ ሚስት ደረት አትመታም፣ ፊቷንም አትነጭም፣ ከመቃብሩ ራቅ ብላ እንደ ማንኛዋም እማሆይ ቆመች። ይህንንም ነጠቋት።

አሁን ሊቀመንበሩ ሊቀመንበር አይደለም። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጋቢውን ተከናንቦ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጣል፣ ሳልፍ «እንዴት ነሽ ልጄ» ይለኛል፣ እኔም ዓይነ አፋር ስለሆንኩ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አልፋለሁ። ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በላሊበላ መንገድ እየተንጠባጠበ ሲያልፍ፣ የማላውቀውን ሰው ማናገር የሚከብደኝ እኔ፣ ውኃ ይዤ ወጥቼ እያንዳንዱን አገርህ የት ነው፣ ቤትህ መኖርህን ያውቃሉ ወይ እያልኩ ጠየቅሁ። ከዋድላ የመጣ አንድ ልጅ አያውቁም አለኝ፣ በማግስቱ ወደዚያው አገር፣ ወደ ኮን ለሚሄድ ነጋዴ ስሙን ነግሬ አስቀድሜ ቃል ላክሁ። ያኔ እንዲህ የሚያደርግ አንድ ሰው ቢኖር፣ እናቴና አባቴ እሱ እስኪሞት ድረስ በአንድ በር ይገቡ ነበር። እናቴ አሁንም እዚያው ግቢ አለች፣ ማዶው ጎጆ ባዶ ነው፣ እንዳይፈርስ ግን በየዓመቱ ክዳኑን ታሳስራለች።

የአባቴ የመጨረሻ ቃል ለእኔ የተነገረ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁትም። ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን፣ ዝናቡ አባርቶ፣ የነፍስ አባታችን አርጅተው በበትር እየተደገፉ ወደ ጎጆው መጡ። በጨርቅ የተጠቀለለ ቆብ ይዘው ነበር። ሊሞት የተቃረበ ሰው ቆብ ሲጫን ኃጢአቱ ይራገፍለታል፣ እሷም እማሆይ፣ እሱም መነኩሴ ሆነው በወዲያኛው ዓለም እኩል ይሆናሉ፣ ይህን አንድ ነገር እንኳ ላድርግለት አሉ። ልባቸው እንደተሰበረ አይቼ ነበር፣ ግን አላዘንኩላቸውም። ድምፃቸው ስለደከመ አባቴ አልሰማቸውም፣ ንገሪልኝ አሉኝ። እናቴ ከበሩ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ከመድረኩ አልፋ አልገባችም። እኔ እሷ ፊት ይህን ጮክ ብዬ ማለት እንደ እሳት እየፈጀኝ፣ ወደ ደህናው ጆሮው ጎንበስ አልኩ።

«አባዬ፣ ቆብ ልጫንልህ ወይ ይሉሃል» አልኩት።

ዓይኑን ገለጠ። ቄሱን አላያቸውም። ወደ በሩ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ባለትዳር ነኝ በያቸው» አለኝ።